ጭብጨባው ከዜማው ሲቀድም

በአዲስ አበባ የኪነት ገጾችና የሬድዮ ዝግጅቶች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በየጥቂት ዓመቱ አንድ አዲስ የሙዚቃ ጓድ ይነሣል፤ ጓዱ ገና አንድ ሙሉ አልበም ለሕዝብ ሳያቀርብ ፎቶግራፉ ይታተማል፤ የአባላቱ የጠጉር አበጣጠር፣ የሸሚዛቸው ቅድ፣ የውጭ አገር ወዳጆቻቸው ስም ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም «አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ» የሚል አዋጅ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚከታተል የለም። ምዕራፉ ተከፍቶ ምን ተጻፈበት ብሎ የሚጠይቅ ሐያሲ ሳይመጣ ሌላ ጓድ ይነሣል፤ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። መጽሐፉ ርእስ ብቻ እንደ ሆነ ይቀራል።

ነገሩ የአንድ ከተማ ወሬ ሆኖ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። አዋጁ ግን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከነቀምቴም ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ይዘልቃል። በቡርቃ ጃቶ ሰፈር በውሰት ጊታር ጣቱን የሚያለማምድ ወጣት በስልኩ ይሰማዋል፤ ሰምቶም አንድ ትምህርት ይማራል። የሚማረውም ሙዚቃ ማለት የሠርግ ቤቱን ሰው ከመቀመጫው ማስነሣት፣ የእናትን ቋንቋ ሳያጎድፉ ማዜም፣ የአያትን ጌራርሳ ለልጅ ማድረስ ሳይሆን፣ በሩቅ ሰው ዓይን መታየት ነው የሚለውን ነው። ክርክሩ እንግዲህ ስለ ሮክ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ በዚህ ትምህርት ይደግ ወይስ አይደግ የሚለው ነው።

ጥያቄው በዓለምም ላይ የቆየ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ «ኢንዲ» የተባለው ሮክ ስሙን ያገኘው ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠና በትንንሽ አሳታሚዎች እጅ ይወጣ ስለ ነበር ነው። ቃሉ ራስን መቻልን ያመለክት ነበር። እየዋለ እያደረ ግን የአሠራር ስም መሆኑ ቀርቶ የመልክና የአለባበስ ስም ሆነ፤ ጋዜጦችም በየሳምንቱ አንድ አዳኝ ይቀቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1992 በኤፕሪል ወር የለንደኑ ሳምንታዊ ጋዜጣ «ሜሎዲ ሜከር» ሱይድ የተባለውን ጓድ በሽፋኑ አውጥቶ የብሪታንያ ምርጥ አዲስ ጓድ ይህ ነው ሲል አወጀ። በዚያን ዕለት ሱይድ አንዲት ነጠላ ሸክላ እንኳ አላወጣም ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያ አልበሙ ወጥቶ የሜርኩሪን ሽልማት አገኘ። የጭብጨባ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ «እነሆ፣ ጋዜጣው ልክ ነበር» ይላሉ። ልክ መሆኑስ ይሁን፤ አንባቢው ግን አመዛዝኖ የሚፈርድበት ምን ነገር ተሰጠው? ዕጣ የወጣለት ሁሉ ነቢይ አይባልም። ደግሞም ሱይድ በ2003 ተበትኖ በ2010 እንደገና ሲሰባሰብ «ሜሎዲ ሜከር» በ2000 ኅትመቱን ካቆመ አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። መለከቱ ከተነፋለት ቀድሞ ዝም አለ።

በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አጉልቶ ያስነሣው ጃኖ ባንድ ነው። በአዲስ ገሠሠ ሥራ አስኪያጅነት የተሰባሰቡት አሥር ወጣቶች፣ ከእነርሱም አራቱ ድምፃውያን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። አልበሙን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ይኸው ሰው ቀደም ሲል በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም አዘጋጅቶ ለዓለም ያቀረበ ነው። ስለ ጃኖ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ቢጨመቅ ሁለት ጠብታ ይወጣዋል፤ አንደኛው «የመጀመሪያው የሮክ ጓድ»፣ ሁለተኛው «ቢል ላስዌል»። ዜማው የት አለ? ግጥሙስ? (ጃኖ ጥንት የመኳንንት የማዕረግ ልብስ ነበር። የኪነት ገጾቻችን ወጣቶቹን ዘመቻ ሳይወጡ አለበሷቸው።)

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይሟገታሉ፤ ሁለቱም ሙዚቃውን ሳይሰሙ ነው የሚሟገቱት።

የመጀመሪያው በየባህል ጽሕፈት ቤቱ የማይጠፋው ካድሬ ነው። «ሮክ ባዕድ ነው፤ ወጣቱን ከባህሉ ያፈናቅላል፤ ትኩረት ሊሰጠው አይገባም» ይላል። ይህ ሰው በበዓል ቀን ሰልፍ የሚወጣበትን የናስ መለከት ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ያመጡት ሙዚቃ ባዕድ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲያዜም ከጀርባው የነበረው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሳክስፎንና ትራምፔት የያዘ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ጓድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን የኦሮምኛ አልበም ሲያወጣ በእጁ የነበሩት ጊታርና ዑድ ከውጭ የመጡ ናቸው። በወለጋማ ማስረጃው ከሁሉ ይልቅ ቅርብ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1931 በነቀምቴ እስኪያርፍ ድረስ ከአውሮፓ ቋንቋ ወደ ኦሮምኛ የመለሳቸው መዝሙራት ዜማቸው የሰሜን አውሮፓ ነበር፤ ዛሬ የገጠር እናት ስትዘምራቸው የስዊድን ነው ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ባዕድነት የትውልድ ወረቀት እንጂ የፍርድ ሚዛን አይደለም።

ሁለተኛው ወገን የኪነት ገጹ ጸሐፊ ነው። «አዲስ ነውና ትኩረት ይገባዋል» ይላል። የሚያሳዝነው አዲስ የተባለው ነገር አዲስ አለመሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ከጮኸ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የአይቤክስና የሮሃ ባንዶች ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም ምን ሲሠራ ነበር? ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን ሲያወጣ፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ ወደ ቤቱ መሄድ በማይችልበት ዘመን በሂልተን ሆቴል ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት፣ ያ ምን ይባል ነበር? «የመጀመሪያው» የሚል ቃል የሚያትም እጅ አስቀድሞ የድሮ ሸክላ መንካት ነበረበት።

እንዲያውም ታሪኩ ከዚህ የከፋ ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከፊሎቹ አባላት ሲቀሩ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀዳውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ አግኝቶ ዳግም ያሳተመው በ2013 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! በእነዚህ ዓመታት የእኛ የኪነት ገጾች ተዘግተው አልነበሩም፤ ሌላ «አዲስ ምዕራፍ» ይከፍቱ ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም አሮጌዎቹን ሸክላዎች ባያወጣ፣ የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ በ2005 የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ በፊልሙ ውስጥ ባያሰማ ኖሮ፣ ስለ ወርቃማው ዘመን ዛሬ የሚጻፈው ስንቱ ይጻፍ ነበር? ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ሥር አላቸው። ሽማግሌውን በሃያ ስምንት ዓመት ዘግይቶ የሚያይ፣ ወጣቱንም አልበሙ ሳይወጣ የሚሾም ዓይን፣ በራሱ ጆሮ ሰምቶ አይፈርድም፤ የውጭ ማኅተም እስኪመታ ይጠብቃል፤ ማኅተሙ ሲመታ ደግሞ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል።

ታዲያ ጃኖ ትኩረት ይገባው ነበር ወይ? ይገባው ነበር፤ የተሰጠው ግን ትኩረት አልነበረም። ትኩረት ቢሰጠው ኖሮ ሁለት ነገር ይመሰገንለት፣ አንድ ነገር ይነቀፍበት ነበር። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አንድ ዝነኛ ድምፃዊ ከፊት ይቆማል፤ ጓዱ ከጀርባው አጃቢ ሆኖ ይኖራል። ጃኖ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች በአንድ መሥመር አቁሞ ዘፈኑን የግለሰብ ሳይሆን የጓዱ ገንዘብ አደረገው። ይህ ከሸሚዝ ቅድ ይልቅ ሊጻፍበት የሚገባ ነገር ነበር። ተጫዋቾቹም የሠለጠነ እጅ አላቸው፤ ከባዱን ጊታር በአገር ቅኝት ሲያስኬዱት ያለ አሳብ የተዋሱት እንዳልሆነ ያስታውቃል። የሚነቀፈው ግጥሙ ከጊታሩ ጋር ያለው ዝምድና ነው። «ኤርታሌ» ውስጥ ቃል ከድምፅ ኋላ ተሸሽጎ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም፤ ይህም የመቅጃ ክፍል ጉድለት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሮክ ጉዳይ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ውስጥ የሚፈተነው በዚህ ነጥብ ነው። አማርኛ ትርጉሙን በጥብቀትና በላልቶ የሚለይ ቋንቋ ነው። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺውን ይናገራል፤ ሲጠብቅ ተመቺውን። የሮክ ከበሮ ክብደቱን በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ያሳርፋል፤ የእንግሊዝኛ ቃል የራሱ ውጥር ስላለው ከዚህ ምት ጋር ይስማማል። የአማርኛ ቃል በዚያው ቦታ ላይ ያለ ጥንቃቄ ቢጣል የላላው ይጠብቃል፤ የጠበቀው ይላላል፤ መቺው ተመቺ ሆኖ ያርፋል። የወል ቤት ስንኝም አለ። አሥራ ሁለት ቀለም ሆኖ ከስድስተኛው ላይ የሚያርፈው ይህ ስንኝ በጭክጭካው ስድስት ምት ላይ ብዙ ጊዜ ተመችቶ ይቀመጣል፤ በሮክ አራት ምት ውስጥ ሲገባ ግን ዜማ ደራሲው የትኛውን ቀለም እንደሚጎትት፣ የትኛውን እንደሚያሳጥር መወሰን አለበት። ተረቱ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል። አደናጋሪነቱ ማፈሪያ አይደለም፤ እንዲያውም የሥራው መጀመሪያ ነው። ማፈሪያው ስለዚህ ሥራ አንዲት መሥመር ሳይጻፍ ስለ ፕሮዲውሰሩ አምስት ዓምድ መጻፉ ነው።

በኦሮምኛ ፈተናው እጥፍ ይሆናል። በኦሮምኛ መጥበቅና መላላት ብቻ ሳይሆን የአናባቢው ርዝመትም ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ረዝመው «ላፋ» ሲሆን ልል፣ ለስላሳ ማለት ይሆናል። ዜማ ደራሲው አናባቢውን ለጊታሩ ብሎ ቢያስረዝም የአያቱን መሬት አለሰለሰው። ጌራርሳም አለ። ጌራርሳ ድምፅ መንገዱን እየመራ፣ ሐረጉ እንደ ትንፋሹ እየረዘመና እያጠረ የሚሄድ የጀግንነትና የብሶት ቃል ነው፤ ለከበሮ ልጓም በቀላሉ አይገዛም። ጌራርሳን የሚችል ጊታር ምን ዓይነት ነው? ይህን ጥያቄ በሥራ የሚመልስ ጓድ ከነቀምቴ ቢነሣ፣ ያኔ «አዲስ» የሚለው ቃል የሚገባው ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ በወለጋ ከተሞች ሙዚቃውን የያዘው ማን ነው? የሠርግ ጓዱ ነው። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ወይም ሁለት ድምፃዊ፣ ሲገኝ ጊታር፣ ሲያስፈልግ መሲንቆ፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር። ከብዙዎቹ መካከል የመጀመሪያውን ኪቦርድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል የነኩ አሉ። ድምፃዊው ግጥሙን ራሱ ይጽፋል ወይም ከጓደኛው ይወስዳል፤ በሠርግ ያገኘውን ገንዘብ ለስቱዲዮ ይከፍላል፤ ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጦ ለሙዚቃ ቤት ይሰጣል፤ በዩቲዩብ ይለቃል። አሳታሚ የለውም፤ ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ የውጭ ፕሮዲውሰር የለውም። «ኢንዲ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙን ቢመልስ ከዚህ ሰው የበለጠ የሚገባው የለም። ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ በራሱ ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ዐምሃ ሸክላዎቹ ተርፈው ታሪክ ጻፈለት፣ የሠርግ ጓዱ ግን ፍላሹ ሲበላሽ አብሮ መጥፋቱ ነው።

ይህ ሰው ባለፉት ዓመታት ምን እንደ ገጠመው የሚታወቅ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተካሄደው ግጭት ጓድና መሣሪያ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ መሄድ ከባድ ሆነበት። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ቆየ። ብቸኛ መድረኩ ዩቲዩብ የሆነ ድምፃዊ ሦስት ወር ያህል መድረክ አልነበረውም። በእነዚያ ወራት በአዲስ አበባ የኪነት ገጾች ላይ የወለጋ ድምፅ ጎድሏል ብሎ የጻፈ ማን ነበር? መጉደሉን ለማወቅ አስቀድሞ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው፤ ምንጭ ሲደርቅ የሚያውቀው ከእርሱ የቀዳ ነው።

እንዲህ ሲባል «የክፍለ አገሩን ሙዚቃ ሁሉ እናወድስ» የሚል ሌላ ስሕተት እንዳይከተል ያሰጋል። የሠርግ ጓዱም ሰነፍ ሥራ አለው። የአንዱን ዘፈን ምት ሌላው ሳይለውጥ ይወስዳል፤ ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ከበሮ ከነቀምቴ እስከ ባሌ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ድምፅን የሚያቃና መሣሪያ ተገኘ ተብሎ ድምፃዊ ያልሆነውም ድምፃዊ ይባላል። የገጠር ሰው ነውና ይታለፍ ማለት ንቀት ነው፤ እርሱም እንደ ጃኖ በሂስ ፊት የመቆም መብት አለው። ዛሬ የተነፈገው ውዳሴ አይደለም፤ ዳኛ ነው።

የነቀምቴ ሰው የዳኝነትን ሥርዓት ከቡናው ያውቀዋል። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቴ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙ ግን ከቅምሻ አያድነውም። ጆንያው ተከፍቶ ይታያል፤ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ በቀማሽ ምላስ ላይ ያልፋል፤ ደረጃውም ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይወጣል። ቀማሹ ገበሬው የለበሰውን ጃኬት አይጠይቅም። በስኒው ላይ ያለው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም።

የሚቀጥለው ጓድ ሲነሣ፣ መነሣቱም አይቀርም፣ የኪነት ገጹ ጸሐፊ ፎቶግራፉን ከማዘዙ በፊት አንድ ዘፈን ይዞ ይቀመጥ፤ ቃሉ የት እንደ ጠበቀ፣ የት ያለ ቦታው እንደ ላላ ምልክት ያድርግ። የባህል ጽሕፈት ቤቱም ለበዓል ከአዲስ አበባ ዝነኛ ጓድ ሲጋብዝ የአካባቢውን ጓድ ለመክፈቻ በቀን ሐሩር ማሰለፉን ይተው፤ ሁለቱንም በአንድ ምሽት፣ በአንድ የድምፅ መሣሪያ፣ በእኩል ሰዓት ያጫውታቸውና ይቅዳቸው። ቅጂው በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀመጥ ለነቀምቴ መምህራን ኮሌጅና ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን ይሰጥ፤ መምህራኑም በክፍል ውስጥ አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» ብለው ያሰሙት። የጓዶቹ ስም ለተማሪዎቹ የሚነገራቸው የሰሙትን ጽፈው ወረቀታቸውን ከመለሱ በኋላ ይሁን።